ንዑስ ባህል ምንድን ነው? ፀጉር ቢሆንማ ቀላል ነበር

ሰሞኑን ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ የስኬትቦርድ (ባለ ጎማ ሰሌዳ) ልጆች ቪዲዮ አይቶ ፈረደ። ንዑስ ባህል ማለት ሥራ የፈታ ወጣት ከውጭ የቀዳው አለባበስና የፀጉር ቁርጥ ነው አለ። ቦታ አጣን ብለው ከጮሁ ዳር ላይ አንድ ሜዳ ሰጥቶ መገላገል ነው ብሎም ጨመረ። ላይኩ ዘነበለት። እንዲህ ያለውን ስንቴ አይቼ አልፌያለሁ፤ ይሄኛውን ግን ማለፍ አቃተኝ፣ ምክንያቱም ሁለት ስህተት አንድ ላይ አስሮ ነው የመጣው።

መሠረታዊ ትርጉሙ ላይ ጊዜ አላጠፋም፦ በትልቁ ማኅበረሰብ ውስጥ የራሱ ልማድና መለያ ያለው ቡድን ባህል ነው። «ከውጭ የተቀዳ» የሚለውንም ቶሎ ልለፈው። የአራዳን ልጅ ማን አስመጣልን?

ወደ አለባበሱ። እዚህ ላይ የኛ የአንትሮፖሎጂስቶችና የባህል አጥኚዎች ሙያም እጁ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንድ የባህል ጥናት ማዕከል ተቋቋመ። በ1970ዎቹ የማዕከሉ ሰዎች የእንግሊዝ ወጣቶችን ጃኬት፣ ጫማና ሞተር ሳይክል እንደ ደብዳቤ ማንበብ ጀመሩ፤ ፋሽኑ የመደብ ብሶት ነው አሉ። ጎበዝ ንባብ ነው፣ አልክድም። እንደ ተመራማሪው ፖል ዊሊስ፣ ወጣቶቹ መሃል ገብተው የተቀመጡም ነበሩ። ግን አብዛኛው ጃኬቱን እንጂ ለባሹን ብዙም አልጠየቀም። እዚያው ማዕከል የነበሩ ሴት ተመራማሪዎች ደግሞ «ልጃገረዶቹስ የት ሄዱ?» ብለው ጠይቀዋል። ተገቢ ጥያቄ ነበር፤ ዛሬም መልሱ ተሟልቶ አላለቀም።

እኔን የሚመቸኝ ከእነሱ የቀደመው ሰው ነው። ሃዋርድ ቤከር የቺካጎ ሶሲዮሎጂስት ነበር፣ ፒያኖም ይጫወት ነበር። አብሯቸው እየተጫወተ የዳንስ ሙዚቀኞችን አጠና። ሙዚቀኞቹ ተራውን አድማጭ የሚጠሩበት የራሳቸው ስም ነበራቸው፣ ልክ እኛ ፋራ እንደምንለው። አንድ ሠርግ ላይ አንደኛው ሙዚቀኛ ፒያኖውን ገፋ አድርጎ በባንዱና በታዳሚው መካከል አጥር ሠራበት። ቤከር ወደ ሰዉ እንቅረብ ቢለው፣ ከፋሮቹ መከላከያ ያስፈልገኛል አለ፣ ግማሹ ቀልድ ነው። እነዚህ ሰዎች ምን እንደለበሱ ማወቅ አያሻችሁም። የፒያኖው አቀማመጥ ይበቃል።

ንዑስ ባህል የምለው ይህንን ነው። ሰዎች አብረው ደጋግመው የሚያደርጉት ነገር አለ፣ የሚያደርጉበት ቦታ አለ፣ ያንን ቦታ ከሌላው ሰው ጋር የሚካፈሉበት ወይም የሚነጣጠቁበት መንገድ አለ። አንዱን ከሌላው ነጥላችሁ ብታወጡት የሚቀራችሁ ፀጉር ብቻ ነው።

አሁን ወደ «ሜዳ ሰጥቶ መገላገል»። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር ኩዊን ኤልዛቤት ሆል የሚባል የሙዚቃ አዳራሽ አለ፣ በ1967 የተከፈተ፣ ያልተለሰነ ኮንክሪት። ሥሩ ክፍት ነው፦ ምሰሶ፣ ተዳፋት፣ ዝቅ ያለ ጣሪያ። ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ስኬተሮች ያዙት። ጣሪያው ከለንደን ዝናብ ያስጠልላል፤ ተዳፋቱ እግር ሳያደክም ፍጥነት ይሰጣል፤ ከፊት ለፊቱ ደግሞ ሰው በወንዙ ዳር ሲመላለስ ይውላል፣ ቆም ብሎም ያያል። ስኬተሮች የሚወዱትን ጠርዝ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት ጠቁሮ ያብለጨልጫል፤ ሰሌዳው እንዲንሸራተት ሰም እየቀቡት ነው። ወረፋ አለ፣ የተጻፈ ግን የለም። ሳይጠብቅ የገባ በዓይን ነው የሚቀጣው።

በ2013 አዳራሹን የሚያስተዳድረው ሳውዝባንክ ሴንተር የ120 ሚሊዮን ፓውንድ እድሳት አቀደና ያንን ሥር ለሱቅና ለምግብ ቤት ፈለገው። ልጆቹን ዝም ብሎ ውጡ አላለም፤ መቶ ሜትር ገደማ ፈቀቅ ብሎ ሀንገርፎርድ ድልድይ ሥር አዲስ የስኬት ቦታ ልሥራላችሁ አለ። እምቢ አሉ። አስተያየት ሰጪያችን እዚህ ቢደርስ «አዲስ ተሰጥቷቸው ምን ያንጫጫቸዋል?» ማለቱ አይቀርም።

እስቲ ጉሊት አስቡ። ጉሊት ቲማቲምና ሽንኩርት አይደለም። ጉሊት ሰው ከታክሲ ወርዶ ወደ ቤቱ ሲያዘግም የሚያልፍበት መታጠፊያ ነው። ባለ ጉሊቷን አንስታችሁ ንጹህ ሼድ ውስጥ አስገቧት፤ እሷም አለች፣ ቲማቲሙም አለ፣ መደቡም ከበፊቱ ይሻላል። አላፊ አግዳሚው ግን በዚያ አያልፍም። ለአፍታ ዞር ስትል ዕቃዋን የምትጠብቅላት ጎረቤቷም በዕጣ ሌላ ረድፍ ደርሷታል። እንዲያውም ትንሽ ልለጥጠው፦ ደንብ አስከባሪው ራሱ የጉሊቱ አካል ነው። ከሩቅ መለየት፣ በዓይን መጠቃቀስ፣ ሸራውን በአራት ጫፉ ሰብስቦ እልም ማለት፣ ይሄ ሁሉ እሱ ስላለ የተገኘ ጥበብ ነው። ስኬተርና የሕንፃ ጥበቃም እንዲሁ ነው የሚተዋወቁት። ከዚህ በላይ ከለጠጥኩት ይበጠሳል፣ ምክንያቱም የአንዷ የልጆቿ እራት ነው፣ የሌላው ጨዋታ ነው፤ በደላቸውን በአንድ ሚዛን አላስቀምጥም።

ለማንኛውም ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ከስኬተሮቹ ጎን ፈረመ። በጥር 2014 የያኔው ከንቲባ ቦሪስ ጆንሰን ደገፋቸው። በዚያው ዓመት መስከረም ቦታው እንዲቆይላቸው ስምምነት ተፈረመ። ከዓመታት በፊት ተከልሎ ከነበረው ክፍልም የተወሰነው ታድሶ በ2019 ተከፈተ።

ሳትጠይቁኝ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ አንትሮፖሎጂስቶች ለተገፋ ማድላት ይቀናናል፤ ታሪኩ ሲጻፍም ያምራል። ሳውዝባንክ ሴንተር ግን የሱቆቹን ኪራይ ለጥበብና ለትምህርት ሥራ አውለዋለሁ ነበር ያለው፤ የሚናቅ ምክንያት አይደለም። ደግሞ መስክ ስንወጣ ቀድሞ የሚያናግረን አፉ የቀናው ነው። ዳር ተቀምጣ የምታየዋ ልጅ ማስታወሻችን ላይ አንድ መስመር ካገኘች ጥሩ ነው። እና «የወጣቶች ባህል» ብለን በጻፍነው ውስጥ አርባ ያለፈው አባወራ አይጠፋም።

ሌላም አለ። የይገባኛል ክርክር ያለበት ቦታ ሲባል ሰዉ ጠብ ብቻ ይታየዋል። መስቀል አደባባይን ተመልከቱ። ማለዳ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ የሚሠሩ ሯጮች አሉ። መስከረም 16 ደመራ ነው። ሌላ ቀን ሰልፍ ነው፣ ሌላ ቀን ታላቁ ሩጫ። አንዱ ኮንክሪት በሰዓትና በቀን ይከፋፈላል። ክፍፍሉን ሁሉም እኩል አይወስነውም፤ ጥያቄው እሱ ነው። ጥናት የሚያስፈልገውም ማን ስንት ሰዓት ላይ እንደሚለቅና ማን ሳይናገር እንደሚያስለቅቀው ነው፣ የማን ጫማ ምን እንደሆነ አይደለም።

ያም ሆኖ ያየሁትን ሁሉ አልጽፍም። አንድ ጥግ ስሙና ፎቶው ሲወጣ ጥበቃ ይመጣል፣ ወይም ጠርዙ ላይ የብረት ጉብታ ይበየድና ሰሌዳ አይንሸራተትበትም። ልጆቹ ደግሞ አብዛኞቹ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ናቸው፤ ፈቃድ ሰጡኝ ማለት ራሱ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ በውስጥ መስመር «ቪዲዮው ላይ ያሉት ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ የት ነው የሚነዱት?» ለምትሉኝ፣ አልመልስም።