ጣና በጥንታዊ ካርታዎች፦ የአሰባሰብ ዳሰሳ

ጣናን የሚያሳዩ ጥንታዊ ካርታዎችን መሰብሰብ ሲባል ከ15ኛው እስከ 18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተሣሉ ወይም የታተሙ፣ ሐይቁንና ዓባይን የያዙ ሉሆችን ማሰስ፣ መለየትና ጠብቆ ማቆየት ማለት ነው። ለባሕር ዳርና ለጣና ዳርቻ ሰው ነገሩ ከግድግዳ ጌጥ ያለፈ ነው፤ አገሩን በዓይናቸው ያላዩ ሰዎች እንዴት እንደሣሉት፣ ስህተታቸውንም ማን እንዳረመላቸው ያሳያል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ፍለጋው የሚጀምረው ከስም ነው። በካርታዎቹ ላይ «ጣና» የሚል ጽሑፍ ብቻ የሚፈልግ ብዙ ያመልጠዋል። በጥንቱ የግሪክ ሊቅ በበጥሊሞስ የመልክዓ ምድር መጽሐፍ ላይ የተመሠረቱት ካርታዎች «ኮሎኤ» የሚሉትን ሐይቅ ብዙ ሊቃውንት ጣና ነው ይሉታል። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን «ባርሴና» ይመጣል፤ ይህም «ባሕረ ጻና» ሲጠራ ተሰምቶ የተጻፈ ይመስላል። ኋላ ደግሞ «ጻና» እና «የደምቢያ ሐይቅ» ይበዛሉ።

በ1450 ገደማ ቬኒስ ውስጥ የተሠራው የፍራ ማውሮ የዓለም ካርታ በገበያ የሚገኝ አይደለም፤ ሰብሳቢዎች የሚይዙት ቅጂውን ነው። መነኩሴው ፍራ ማውሮ ስለ ሐበሻ ምድር የጻፈውን ያገኘው ከአገሩ ካህናት እንደሆነ፣ እነርሱም አውራጃዎችንና ወንዞችን በገዛ እጃቸው ሥለው እንዳሳዩት ራሱ በካርታው ላይ መስክሯል።

ብዙ ሰው በመጀመሪያ የሚያውቀው የካርታ ሠሪውን የአብርሃም ኦርቴሊዩስን የ1573 የ«ቄስ ዮሐንስ» (አውሮፓውያን የኢትዮጵያን ንጉሥ የጠሩበት ስም) ግዛት ካርታ ነው። ስፋቱ 37 በ44 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ የንጉሡን የዘር ሐረግ እስከ ዳዊት ይቆጥራል፤ ግሸን አምባንም የነገሥታት ልጆች የሚጠበቁበት ተራራ አድርጎ ያሳያል። ዓባይን ግን ከምድር ወገብ በስተደቡብ ካሉ ሁለት ታላላቅ ሐይቆች ያስነሣዋል። ካርታ አሳታሚው ብላው በ1635 አምስተርዳም ላይ ያሳተመውም ውብ ካርታ ይህንኑ ስህተት ይደግማል።

እርማቱ የመጣው ከዚሁ ከጣና ዳርቻ ነው። በ1603 ኢትዮጵያ የገባው ኢየሱሳዊው (የካቶሊክ የኢየሱስ ማኅበር ካህን) ፔድሮ ፓኤዝ ሚያዝያ 1618 ከአፄ ሱስንዮስ ጋር ሆኖ የዓባይን ምንጭ ግሽ ዓባይን አየ፤ በ1622 ጎርጎራ አረፈ። ከ1624 እስከ 1633 በአገሩ የቆየው ሌላው ኢየሱሳዊ ማኑኤል ደ አልሜይዳ ደግሞ ካርታ ሠራ፤ በዚህም ካርታ ግልገል ዓባይ ወደ ሐይቁ ይገባል፣ ዓባይም ከሐይቁ ወጥቶ ጎጃምን ይዞራል። ካርታው ፖርቱጋላዊው ባልታሳር ቴሌስ በ1660 ኮይምብራ፣ ፖርቱጋል ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት ለሕዝብ ደረሰ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን የጀርመናዊው ሊቅ የሂዮብ ሉዶልፍ የ1683 ካርታ ነው። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን አልረገጠም። በ1649 ሮም ላይ የተዋወቀው፣ በ1652 ደግሞ ጀርመን፣ ጎታ ከተማ ድረስ የመጣለት የመካነ ሥላሴው ሊቅ አባ ጎርጎርዮስ ቋንቋውንም አገሩንም አስተማረው። አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ሰጥሞ ባሕር ላይ ቀረ፤ ካርታውንም ታትሞ አላየውም። ካርታው በሉዶልፍ ስም ይጠራል፤ የእኛ አገር ሰብሳቢ ግን ሁለቱን ስሞች አብሮ ቢመዘግብ ተገቢ ነው።

ከዚያ በኋላ የጣሊያናዊው ኮሮኔሊ፣ የፈረንሳዊው ዳንቪልና የስኮትላንዳዊው ተጓዥ የጄምስ ብሩስ ካርታዎች ይከተላሉ። ብሩስ በ1770 ግሽ ደርሶ ቀዳሚው እኔ ነኝ ብሏል። ፓኤዝ ቀድሞታል የሚለው በሰፊው ተቀባይነት አለው፤ ግሽ ዓባይ የሚገኝበት የሰከላ ሰው ከሁለቱም በፊት ጠበሉን ያውቀው እንደነበር ግን ክርክር አያሻውም።

እውነተኛውን ከቅጂ ለመለየት ወረቀቱ ወደ ብርሃን ይያዛል፤ የፋብሪካው የውሃ ምልክትና የሽቦ መስመሮች ሊታዩ ይችላሉ። ከመዳብ ሰሌዳ የታተመ ካርታ በዙሪያው የሰሌዳው ጠርዝ የተጫነበት ስርጉድ መስመር አለው። ከአትላስ የወጣ ከሆነ መሃሉ ላይ የእጥፋት ምልክት ይኖራል፤ በጀርባው ያለው የላቲን፣ የፈረንሳይኛ ወይም የደች ጽሑፍም የትኛው እትም እንደሆነ ይጠቁማል። ቀለሙ በእጅ የተቀባ ነው፤ አንዳንዱ በዘመኑ፣ አንዳንዱ ከብዙ ጊዜ በኋላ።

በሐይቁ ዳር ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ወረቀት ይሻግታል፤ ስለዚህ ካርታ ከቤቱ የውጭ ግድግዳ ይራቅ፣ ፀሐይም አይምታው። ላሚኔት ማድረግ (በፕላስቲክ መለበጥ) ፈጽሞ አይገባም፤ አይመለስምና።

ዋናውን መግዛት ለማይችል ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ምስሎቹን በኢንተርኔት አኑረዋል፤ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የኖርዊች የአፍሪካ ካርታዎች ስብስብ አንዱ ነው። የሉዶልፍን ካርታ አትሞ ባሕር ዳር ድልድይ ላይ የቆመ ሰው፣ ከእግሩ ሥር የሚያልፈው ዓባይ በሉሁ ላይም ከሐይቁ ደቡብ ምሥራቅ ጥግ ሲወጣ ያገኘዋል።