የአዲስ አበባ ውሃ፦ ከእንጦጦ ምንጭ እስከ ፈረቃ

አዲስ አበባ ውሃ የምታገኘው በዋናነት ከሦስት አቅጣጫ ነው። ከምዕራብ የገፈርሳ ግድብ፣ ከምስራቅ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች፣ ከደቡብ የአቃቂ ጉድጓዶች። ስለ መንገዶቿና ስለ ሕንጻዎቿ ብዙ ተጽፏል። ስለ ውሃዋ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ግን ጥቂት ነው። የከተማ አስተዳደር ገንዘቡን የት እንደሚያውል ለመመዘን የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከቧንቧው ቢጀምር አይሳሳትም።

የቧንቧ ውሃ ታሪኩ ከአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ይነሳል። ስዊዛዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ በ1880ዎቹ ከእንጦጦ ግርጌ ውሃ ጠልፎ በቧንቧ ቤተ መንግሥት አስገባ። ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ ሲሄድ አይቶ የማያውቅ ሰው፣ ቤተ መንግሥቱ ያለበት ጉብታ ላይ ወጥቶ ሲፈስ ሲያይ ጉድ አለ። ገፈርሳ በ1930ዎቹ ተገደበ።

ትልቁ ምዕራፍ ለገዳዲ ነው። ግድቡ የተጠናቀቀው በ1962 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን ራሱን ችሎ የቆመውም በዚያው ሰሞን፣ በ1963 ነው። ለገዳዲ የከተማዋ የጀርባ አጥንት ሆኖ ዛሬም ያገለግላል። ክረምት ላይ ጎርፉ አፈር ጠርጎ ሲያስገባ የግድቡ ውሃ ወተት የገባበት ቡና ይመስላል። አፈሩ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ዝም ብሎ ቢቀመጥ በቀላሉ አይጠልም። ማጣሪያው ውስጥ አሉሚኒየም ሰልፌት ሲጨመርበት ደቃቁ ጭቃ እርስ በርሱ እየተያያዘ ይከብድና ወደ ታች ይዘቅጣል። ከላይ የቀረው ውሃ በአሸዋ ውስጥ ያልፋል፤ ክሎሪን ይጨመርበታል፤ ከዚያ ወደ ከተማ ይለቀቃል። ይህን ሥራ ሌት ተቀን በፈረቃ እየገቡ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ። ስማቸው በምረቃ ሥነ ሥርዓት ላይ አይጠራም። ከተማዋ ግን ያለ እነሱ አንድ ቀን አታድርም።

በደርግ ዘመን የለገዳዲ ማጣሪያ ተስፋፋ። በ1991 ድሬ ግድብ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ ፊት ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ዞረ። አቃቂ ላይ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በ2014 ደግሞ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኩብ የሚሰጠው የለገዳዲ ሁለተኛ ምዕራፍ የጉድጓድ ውሃ ፕሮጀክት ሥራ ጀመረ።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያስተውለው ልዩነት አለ። ለገዳዲ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስላለ ውሃው በአብዛኛው በራሱ ክብደት ወደ ከተማ ይወርዳል። አቃቂ ግን ከመሀል ከተማ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ይላል። ውሃው ከጥልቅ ጉድጓድ ይሳብና እንደገና ሽቅብ ይገፋል። ሁሉም በኤሌክትሪክ ነው። መብራት ሲጠፋ ውሃም አብሮ የሚጠፋው ለዚህ ነው።

አቅርቦቱ ቢያድግም ፍላጎቱ ቀድሞት ሄዷል፤ ስለዚህ ውሃ ለየሰፈሩ በፈረቃ ይለቀቃል። ሰፈሩ በሳምንት ተራው የሚደርሰው ቀን አንዳንዴ ሌሊት ላይ ይውላል። ባዶው ቧንቧ መጀመሪያ አየር ይተፋል፤ ያንኳኳል። እናት ከእንቅልፏ የምትነሳው በዚያ ድምፅ ነው። ባልዲው፣ ቢጫው ጀሪካን፣ በርሜሉ በሰልፍ ይሞላል። አቅም ያለው ሮቶ ያስቀምጣል። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያለች አሮጊት ግን ግፊቱ ካልደረሰላት ጀሪካን ለሚሸከምላት ልጅ መክፈል አለባት። ለእሷ የውሃ ዋጋ ቆጣሪው ላይ የተጻፈው አይደለም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ፣ የከተማዋ በጀት በ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር ትንሽ በልጦ ነበር። ለ2018 ከ350 ቢሊዮን በላይ ጸደቀ። የዋጋ ንረቱን ብንቀንስለት እንኳ ትልቅ እድገት ነው። በዚሁ ጊዜ የኮሪደር ልማቱ የከተማዋን ገጽታ ለውጧል። ደጋፊዎቹ አብሮ አዲስ የመሬት ውስጥ መስመር እንደተዘረጋ ያነሳሉ፤ እውነትም ነው። ተቺዎች በበኩላቸው መብራትና የእግረኛ መንገድ ውሃን ቀድመዋል ይላሉ። በዚህ ጸሐፊ እይታ ክርክሩን የሚፈታው ብክነቱ ነው። ከሚመረተው ውሃ ከአንድ ሦስተኛ ያላነሰው በአሮጌ ቧንቧ፣ በተበላሸ ቆጣሪና በሕገወጥ ቅጥያ ይጠፋል። አሮጌ ቧንቧ መቀየር ሪባን አይቆረጥበትም። ቢሆንም አዲስ ግድብ ከመጠበቅ ይልቅ ውሃ ቶሎ የሚያመጣው እሱ ነው።

ሦስቱም ግድቦች ያሉት ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 49 ንዑስ አንቀጽ 5 ክልሉ በአዲስ አበባ ላይ ያለው ልዩ ጥቅም ይጠበቃል ሲል የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀምን ይጠቅሳል። ዝርዝሩ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እስካሁን ያከራክራል። ለአዲስ አበባ ውሃ እንዲሰጥ የታሰበው የገርቢ ግድብ እቅድ ለዓመታት የዘገየው ከአካባቢው ገበሬዎች መነሳት ጋር በተያያዘ እንደሆነ ይነገራል። ለገበሬው ተገቢ ካሳ መክፈል የውሃው ዋጋ አካል መሆኑ ግን ሊያከራክር አይገባም።

ፍሳሽ ሁልጊዜ ከውሃ ኋላ ይመጣል። የቃሊቲ ማጣሪያ ለረጅም ዘመን በቀን 7,500 ሜትር ኩብ ገደማ ብቻ ያጣራ ነበር። በ2010 በዓለም ባንክ ድጋፍ ወደ 100 ሺህ ሜትር ኩብ አደገ። ሆኖም ብዙው ቤት አሁንም ጉድጓዱ ሲሞላ የመምጠጫ መኪና ይጠራል፤ ተራ ይጠብቃል። ማጣሪያው ተሠርቷል። ከየሰፈሩ ወደ እሱ የሚወስደው መስመር ገና ብዙ ይቀረዋል።