ቡችላው አልነሳ ሲል፦ የሚባለውና እውነታው

ጎንደር ውስጥ ለጥበቃ ብሎ ውሻ የሚያሳድግ ግቢ ብዙ ነው። ውሻዋ ስትወልድ ደግሞ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የቡችሎቹ ባለቤት ይሆናል። ነገሩ የሚበላሸው ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሌሎቹ እየተንገዳገዱም ቢሆን መሄድ ሲጀምሩ አንዱ ወለሉ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። እግሮቹ ግራና ቀኝ ተንፈራጠዋል። ደረቱ መሬት ነክቷል። ወደ ፊት ሲሄድ ውኃ ላይ እንደሚቀዝፍ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች «ዋናተኛ ቡችላ» ይሉታል።

ከዚያ ምክሩ ይጎርፋል። ከአራዳ እስከ አዘዞ የምንሰማው ያው ነው፤ አብዛኛው አይጠቅምም፣ ጥቂቱ ደግሞ ይጎዳል። እኔ የምለው አጭር ነው። መድኃኒቱ በአብዛኛው ቡችላው የተኛበት ወለልና የእናንተ እጅ ነው፣ ቶሎ ከተጀመረ።

«ይሄስ አለቀለት፣ አታድክመው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። «ልጄ፣ ይሄ አይሆንም፣ ተወው» ይላሉ፤ ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ የዳነ ስላላዩ ነው። ያላዩት ደግሞ ማንም ስላልሞከረ ነው። ሌላ ሕመም የሌለበት ዋናተኛ ቡችላ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ሥራ ከተጀመረለት ብዙውን ጊዜ ቆሞ ይሄዳል። ለውጡ የሚታየው በሳምንታት ውስጥ ነው፤ ወራት አይፈጅም።

መጀመሪያ ግን ዕድሜውን ቁጠሩ። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከ10 እስከ 14 ባለው ቀን ነው። 15 ቀን ገደማ ሲሆነው ለመነሳት ይሞክራል፣ በ3 ሳምንቱ ይራመዳል፣ 4 ሳምንት ሲሞላው ደህና አድርጎ ይሄዳል። የአሥር ቀን ቡችላ በሆዱ ቢሳብ ጤነኛ ነው። ለእሱ አትጨነቁ።

«ጊዜው ሲደርስ ራሱ ይነሳል»

ይህ የመጀመሪያው ምክር ግልባጭ ነው፤ ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ማንም ምንም አያደርግም። የቡችላ የጎድን አጥንት ገና ለስላሳ ነው። ቀኑን ሙሉ ደረቱ ላይ ከተኛ ደረቱ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ልብና ሳንባው ቦታ ይጠባቸዋል። ወተት ሲጠባ ያስመልሰዋል፣ ወደ ሳንባው ሊገባም ይችላል። አጥንቱ እየጠነከረ ሲሄድ የተበላሸውን ማቃናት ይከብዳል። ወንድሞቹ እየሄዱ እሱ በሆዱ ከተሳበ በማግስቱ ጀምሩ።

«ወለሉ ንጹሕ ከሆነ ይበቃል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙው ጥፋት ያለው እዚህ ነው። ሰው ውሻውን ሲወድ የሚያስቀምጠው ሊሾ ወይም ሴራሚክ ላይ ነው። ይጠረጋል፣ ይወለወላል፣ ያምራል። ቡችላው ግን ለመነሳት በገፋ ቁጥር እግሩ ወደ ጎን ያመልጠዋል። በጉልበቱ ልክ የሚይዘው ነገር የለም። ጡንቻው ወደ ውስጥ መሳብን ሳይለምድ መንፈራጠጥን ይለምዳል። ጋዜጣ ወይም ማዳበሪያ ከረጢት ማንጠፍም ያው ነው፤ ሁለቱም ያንሸራትታሉ። ወፍራም ብርድ ልብስ እንኳ ሳይወጠር ከተነጠፈ ከሥሩ ይሸሻል።

የሚፈለገው ጥፍሩ የሚይዘው፣ ከሥሩ የማይንቀሳቀስ ነገር ነው። ቅዳሜ ገበያ የሚሸጥ ሸካራ የጎማ ምንጣፍ ይሆናል። አሮጌ የበር መጥረጊያ ምንጣፍም ይሆናል። ጆንያ ከሆነ ጣውላ ላይ ወጥራችሁ በሚስማር ምቱት፣ የሚስማሩ ራስ ግን ከዳር ይሁን። በዝናብ ጊዜ ካልሆነ በቀር አጭር ሣር ያለበት ደረቅ ግቢ ከሁሉም ይሻላል፣ ከሰው ዓይን ሳይርቅ። ለመኝታው ደግሞ ጎድጎድ ያለ ለስላሳ ነገር አዘጋጁ፤ የተጠቀለለ አሮጌ ጋቢ ዙሪያውን ከከበበው በደረቱ መዘርጋት ይቸግረዋል፣ በጎኑ ይተኛል። በደረቱ ተኝቶ ባገኛችሁት ቁጥር በጎኑ አጋድሙት። ሥራው አሰልቺ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚረዳው ግን ይሄ ነው።

«እግሩ ወልቋል፣ ወጌሻ ይየው»

ጥሩ ወጌሻ የሰው እጅ ሲያቃና አይቻለሁ፣ ሙያውን አልነቅፍም። የዋናተኛ ቡችላ ችግር ግን ብዙውን ጊዜ የወለቀ አጥንት አይደለም። መገጣጠሚያው ላላ ብሏል፣ ጡንቻው አልደረሰም። ያልወለቀን መጎተት ያወልቃል። ችግሩ አንድ እግር ላይ ብቻ ከሆነ፣ እግሩ ካበጠ፣ ሲነካ ከጮኸ፣ ያኔ ስብራት ሊኖር ስለሚችል ለሐኪም አሳዩት። ለዚህ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።

በዚያው ላይ፦ በአረቄ ማሸት ቡችላውን ከማቀዝቀዝ ውጪ የሚሰራው ነገር የለም። ከቤት የተረፈ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ያበላሻሉ። በፍጹም።

«እግር ማሰር ግፍ ነው»

ጠፍሮ ማሰር አዎ፣ ግፍ ነው። እዚህ የሚባለው ግን ሁለቱ እግሮች ወደ ጎን እንዳያመልጡ ልካቸውን ጠብቆ ማያያዝ ነው። እንዲህ ይደረጋል። የጨርቅ ፕላስተር ትወስዳላችሁ። ቆዳውን የሚነካውን ክፍል በፋሻ ትሸፍኑታላችሁ፣ ሙጫው ፀጉሩን እንዳይነቅል። ከኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ከፍ ብላችሁ አንዱን እግር ላላ አድርጋችሁ ትጠመጥማላችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ትሻገራላችሁ። በመካከል የሚቀረው ርዝመት ቡችላው በትክክል ቢቆም በሁለቱ እግሮቹ መካከል ሊኖር የሚገባው ያህል ነው። ጠባብ ከሆነ ይወድቃል፣ ሰፊ ከሆነ ያው ይንፈራጠጣል። የመጀመሪያውን ጊዜ ሐኪም ቢያሳያችሁ ይመረጣል።

ከታሰረ በኋላ ጣቶቹን በየጊዜው ንኩ። ካበጡ ወይም ከቀዘቀዙ ወዲያው ፍቱት። ቡችላ በጣም ቶሎ ያድጋል፤ ከትናንት ወዲያ ልክ የነበረው ዛሬ ያንቀዋል። የታሰረውን ለእናቱ ስትመልሱም አጠገባቸው ሁኑ፤ አንዳንዷ እናት ፕላስተሩን ካላኘክሁ ትላለች።

ማሰሩ ብቻውን ግን አይበቃም። በቀን አራት አምስት ጊዜ፣ ለጥቂት ደቂቃ፣ እግሮቹን በቀስታ እጠፉ፣ ዘርጉ። የመዳፉን ሥር በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ አሹለት፤ እግሩን ይሰበስባል፣ ያ ራሱ ስፖርት ነው። በሆዱ ሥር ፎጣ አሳልፋችሁ ደገፍ አድርጉና ምንጣፉ ላይ ያስረግጥ። ለብ ያለ ውኃ ሳፋ ውስጥ አገጩን ይዞ ማቅዘፍም ይረዳል፤ ክብደቱን ውኃው ይሸከምለታል። የጎንደር ብርድ ግን ቀልድ አያውቅም፣ ከተማዋ 2,100 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው ያለችው። ሲወጣ ወዲያው በፎጣ ደርቆ እናቱ ጉያ ይግባ። ከጠባ በኋላ ወዲያው አታሠሩት፣ ያስመልሰዋል። ሲደክመው አቁሙ። በአንድ ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከማሠራት አምስት ጊዜ አምስት ደቂቃ ይበልጣል።

«ወተት ይጥገብ፣ ካልሲየም ይጨመርለት»

ዋናተኛ የሚሆነው ብዙ ጊዜ የከሳው ቡችላ ሳይሆን ድቡልቡሉ ነው። ክብደቱ እግሩን ይቀድመዋል። ስለዚህ ከእናቱ እየጠባ ላለ ቡችላ በላዩ ጡጦ መጨመር ነገሩን ያብሳል። የላም ወተት ደግሞ ከውሻ ወተት ይልቅ ፕሮቲንና ቅባቱ ያነሰ፣ ስኳሩ የበዛ ነው፤ ያስቀምጠዋል። እናቱ ሞታ ከሆነ ለቡችላ የተዘጋጀ ወተት ፈልጉ፣ ካጣችሁ ሐኪም ጠይቁ። ስታጠቡት በሆዱ አድርጋችሁ ይሁን፣ እንደ ሕፃን በጀርባው አታስተኙት።

ካልሲየም በግምት መስጠት አጥንት አያጠነክርም፤ በተለይ በትልልቅ ዘሮች አጥንቱን ያጣምመዋል። እውነተኛው የካልሲየም እጥረት የሚመጣው ጡት ከተወ በኋላ ቀይ ሥጋ ብቻ እየበላ ባደገ ቡችላ ላይ ነው። ሥጋ ፎስፈረሱ ብዙ፣ ካልሲየሙ ኢምንት ነው። «ጀግና ይሁን» ተብሎ ጥሬ ሥጋ ብቻ የሚሰጠው ጀርመን ሼፐርድ እግሩ ቢጎብጥ አይግረማችሁ።

«ቡዳ በልቶት ነው»

አይደለም። አጭር እግርና ሰፊ ደረት ያላቸው እንደ ቡልዶግ ያሉ ዘሮች ላይ ይበዛል፤ የሚያንሸራትት ወለልና ክብደት ያባብሱታል። ጸበል የሚረጭ ይርጭ፣ ምንጣፉን ግን አይርሳ።

«እግር ድካም ሁሉ አንድ ነው»

አይደለም፣ ይሄኛው ስህተት ደግሞ ያስከፍላል። ድዱን ገልጣችሁ እዩ። ነጭ ከሆነ ደም አንሶታል፤ ደም የሚመጥ የአንጀት ትል (የመንጠቆ ትል) ከእናት ወተት ጋር ይተላለፋል፣ ቁንጫም ከበዛ ትንሽ ቡችላን ይጨርሳል። በቁንጫ ሰበብ በነጭ ጋዝ የሚያጥቡም አሉ፤ ይመርዘዋል። የትል መድኃኒት ከ2 ሳምንት ዕድሜ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል፣ መጠኑ በክብደት ስለሆነ ሐኪም ይወስን። ሰውነቱ የቀዘቀዘ፣ መጥባት ያቆመ ቡችላ ደግሞ የእግር ሥራ አይደለም የሚያስፈልገው። መጀመሪያ ይሙቅ፣ ከዚያ ይጥባ። ቀዝቃዛ ቡችላን ማጠባት አደገኛ ነው።

ከሁሉም የሚለየው ግን ሲሄድ የነበረና ድንገት እግሩ የከዳው ቡችላ ነው። ዋናተኛው መጀመሪያም አልሄደም። ይሄኛው ሲሄድ ቆይቶ ነው መሄድ ያቃተው። ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ድምፁ የተለወጠ፣ ጠባዩ የተለወጠ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ ቡችላም ይይዘዋል። ልጆቹን አርቁ፣ አፉን እንዳትነኩ፣ ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ። ነክሶ ወይም ልሶ ከሆነ ቦታውን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብላችሁ ለነገ አትቅጠሩት።