ግራፊቲና የጎዳና ሥዕል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ስለ ግራፊቲና ስለ ጎዳና ሥዕል የሚነገረው አብዛኛው ነገር ከሁለት ጫፍ ይመጣል። አንዱ ወገን ሁሉንም በጥፋት ይፈርጃል፤ ሌላው ሁሉንም በጥበብ ስም ያደንቃል። ሁለቱም የሚዘሉት ጥያቄ አለ፦ ግድግዳው ላይ ያለው ነገር ለማን ታስቦ ተሠራ? ይህ ከተጠየቀ ከሚከተሉት ስሕተቶች ብዙዎቹ በራሳቸው ይፈታሉ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ግራፊቲና የጎዳና ሥዕል አንድ ናቸው»

ዘመዳሞች ናቸው፤ በአንድ ግድግዳ ላይም ጎን ለጎን ይገኛሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። የግራፊቲ መሠረቱ ስም ነው። ሠሪው ለራሱ ያወጣውን ስም ይዞ ፊደላቱን ያጥፋል፣ ያወፍራል፣ ያጠላልፋል። በቅጽበት ተጥሎ የሚታለፈው ፊርማ ታግ ይባላል፤ ሰዓታት የሚፈጀውና በብዙ ቀለም የሚሠራው ደግሞ ፒስ። ፊደሉ አልነበብ ያለው መንገደኛ ሊናደድ አይገባውም፤ ከመጀመሪያውም የተጻፈው ለእርሱ አይደለም። አንባቢው ሌላው የግራፊቲ ጸሐፊ ነው፤ እርሱም የመስመሩን ጥራትና የቦታውን አስቸጋሪነት ይመዝናል። የጎዳና ሥዕል ግን ፊቱን ወደ መንገደኛው ያዞራል። ምስል ያሳየዋል፣ ይቀልድበታል፣ ይሞግተዋል፤ በሦስት ሰከንድ ካልተረዳው ዓላማውን ስቷል።

አንዱን ጨዋ፣ ሌላውን ባለጌ ማድረግም አያስኬድም። ያለ ፈቃድ የተሣለ ውብ ምስል አለ፤ በባለቤቱ ግብዣ የተጻፈ የማይነበብ ስምም አለ።

«ግራፊቲን የሚያቆመው ቅጣት ብቻ ነው»

የኒውዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ታሪክ ሌላ ነገር ይናገራል። በ1970ዎቹ ከውስጥም ከውጭም ያልተጻፈበት ፉርጎ ማግኘት አስቸጋሪ ነበር። እስራት፣ ምላጭ ያለው ሽቦ፣ የጥበቃ ውሻ ተሞከረ። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ከ1984 ጀምሮ የተሠራበት ቀላል ደንብ ነው፦ አንድ ጊዜ የጸዳ ባቡር እንደገና ከተጻፈበት እስኪታጠብ ድረስ ተሳፋሪ ይዞ አይወጣም። ባቡር የሚመረጠው ስምን ከተማውን አቋርጦ ስለሚያዞር ነበር። ሌሊቱን ሙሉ የተለፋበት ሥራ ማንም ሳያየው የሚታጠብ ከሆነ ድካሙ ለምን? በግንቦት 1989 የትራንስፖርት ባለሥልጣኑ የተጻፈበት ባቡር ከእንግዲህ በመስመር ላይ እንደማይኖር አስታወቀ። ጸሐፊዎቹ ግን አልጠፉም፤ ወደ ጣሪያ፣ ወደ ግድግዳና ወደ ጭነት ባቡር ዞሩ።

«ሁሉም የተጀመረው ኒውዮርክ ነው»

ከኒውዮርክ በፊት ፊላደልፊያ ነበረች፤ ኮርንብሬድ የሚባለው ወጣት በ1960ዎቹ መጨረሻ ስሙን በየግድግዳው ይጽፍ ነበር። የኒውዮርኩ ታኪ 183 የታወቀው በሐምሌ 1971 አንድ ትልቅ ጋዜጣ ስለ እርሱ ስለጻፈ ነው። ሥራው መልእክት ማድረስ ስለነበረ በሄደበት ሁሉ ይፈርም ነበር። በሌላ በኩል የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ፒሻሳው የሚባል የራሷ አጻጻፍ አላት፤ ቀጥ ያሉ፣ ረጃጅምና ሹል ፊደላት፣ በአብዛኛው በጥቁር ቀለም፣ ሰው ሊደርስበት በማይመስል የሕንፃ ከፍታ ላይ። ይህን አጻጻፍ የኒውዮርክ ልጅ ማለት አይቻልም።

«ቀለም መርጨት ምን ችሎታ ይጠይቃል?»

ይህን የሚል ሰው ጣሳ ይዞ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይሞክር። እጁ ለአፍታ ከዘገየ ቀለሙ ተጠራቅሞ ይወርዳል፤ ከፈጠነ መስመሩ ይሳሳል። ጣሳው ለግድግዳው ሲቀርብ መስመሩ ቀጭንና ጥርት ያለ ይሆናል፤ ሲርቅ ጠርዙ እንደ ጭጋግ ይበተናል። ልምድ ያለው ሠሪ ይህንኑ ጭጋግ ለጥላ ይጠቀምበታል። ጣሳው ጫፍ ላይ ያለችው መርጫም ትለዋወጣለች፦ አንዷ ለቀጭን መስመር፣ ሌላዋ ሰፊ ቦታ ለመሙላት። ፒስ ሲሠራ በፈዛዛ ቀለም ይነደፋል፣ ውስጡ ይሞላል፣ ጀርባው ይሠራል፣ በመጨረሻ ፊደላቱን የሚለየው መስመር ይመጣል። ይህ የመጨረሻው መስመር ከተንቀጠቀጠ የሁሉም ድካም ይበላሻል።

ትልልቅ ሥዕሎች ላይ ደግሞ የሚያስገርም ዘዴ አለ። አሥር ፎቅ በሚያህል ግድግዳ ፊት በክሬን ቅርጫት ውስጥ የቆመ ሰው የሚታየው ክንዱ የሚደርስበት ቦታ ብቻ ነው፤ ዓይን ይሁን አፍንጫ የሚሠራው አያውቅም። ስለዚህ ብዙዎች መጀመሪያ ግድግዳውን በዘፈቀደ ምልክቶች ይሞሉታል፦ ክብ፣ ቀስት፣ ፊደል፣ የመጣላቸውን ሁሉ። ከዚያ ፎቶ አንሥተው ንድፋቸውን በኮምፒውተር ወይም በስልክ ከፎቶው በላይ ያስተኙታል። ከዚያ በኋላ «የግራ ዓይን ጥግ ከቀስቱ በላይ ነው» ብሎ መሥራት ይቻላል። ሥራው ተጀምሮ ሳለ አልፎ የሄደ ሰው ሕፃን የጫረው ቢመስለው አይፈረድበትም።

ደግሞም ሁሉም ቀለም አይረጩም። ፖርቱጋላዊው ቪልስ ግድግዳውን በመሮና በመሰርሰሪያ እየፈለፈለ የሰው ፊት ያወጣል። ኢንቬደር የተባለው ፈረንሳዊ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በትንንሽ ሸክላዎች የተሠሩ ምስሎችን በየከተማው ይለጥፋል።

«የወንዶች ዓለም ነው»

የወንዶች ቁጥር መብዛቱ እውነት ነው። ሌዲ ፒንክ ግን ኢኳዶር ተወልዳ ኒውዮርክ ያደገች ስትሆን ከ1979 ጀምሮ ባቡር ላይ ከጻፉት አንዷ ናት። ሻምሲያ ሐሳኒ በ2010 ካቡል ውስጥ በተሰጠ ሥልጠና ግራፊቲን ተማረች፤ ከዚያም በተጎዱ የከተማዋ ግድግዳዎች ላይ አፍ የሌላቸውና ዓይናቸውን የጨፈኑ ሴቶችን ሣለች። ሴት ጎዳና ላይ ረጅም ሰዓት መቆም በማትችልበት ከተማ ውጭ ያልደረሰችባቸውን ግድግዳዎች ፎቶ አንሥታ በፎቶው ላይ ትሥልባቸው ነበር። ከዚህ በኋላ «ለሴት አይመችም» የሚለው ስለ ጥበቡ ሳይሆን ስለ ጎዳናው የሚነገር ይሆናል።

«ባንክሲ ጀመረው»

ማንነቱን የሸሸገው ታዋቂ የብሪታንያ የጎዳና ሠዓሊ ባንክሲ ይህን ጥበብ አልጀመረውም። ፈረንሳዊው ብሌክ ለ ራ ቅርጽ የተቆረጠለት ካርቶን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቀለም በመርጨት የፓሪስን ጎዳናዎች በአይጥ ምስል መሙላት የጀመረው በ1981 ነው፤ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪም ነበር።

«ግድግዳው የማን ነው? ሥዕሉም የእርሱ ነው»

ብዙ ባለንብረት የሚወድቅበት ጉድጓድ ይህ ነው። በኒውዮርክ ኩዊንስ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል የቆየ የፋብሪካ ሕንፃ ነበር። ባለቤቱ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እንዲሣልበት ፈቅዶ ስለነበር ግድግዳዎቹ ከባቡር ላይ የሚታዩ የዓለም ሠዓሊዎች መገናኛ ሆኑ። በኋላ አፍርሶ መኖሪያ ቤት ሊሠራበት ፈለገ፤ ሠዓሊዎቹ ከሰሱ፤ ፍርድ ቤቱም መፍረሱን አላገደም። ዳኛው ዝርዝር ምክንያታቸውን ጽፈው ሳይጨርሱ፣ በኅዳር 2013፣ ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ሥዕሎቹን ነጭ ቀለም አስቀባባቸው።

ሕንፃው የራሱ አይደለም እንዴ? ነው። ግን በ1990 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ዕውቅና ያገኘ ሥዕል ያለ ሠሪው ፈቃድ እንዳይጠፋ ይጠብቃል፤ ከግድግዳው ሊነሣ ከሚችልም ሠዓሊው 90 ቀን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዲነገረው ያዝዛል። በ2018 ፍርድ ቤቱ ለ45 ሥዕሎች ለእያንዳንዳቸው 150 ሺህ ዶላር፣ በድምሩ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ለ21 ሠዓሊዎች እንዲከፈል ወሰነ። ባለቤቱ የማፍረሻ ፈቃድ እስኪወጣ ወራት ቢታገሥ ኖሮ ዳኛው ይህን ያህል አይጨክኑበትም ነበር፤ ራሳቸው ጽፈውታል። በ2020 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሲያጸና ሥዕሉ ጊዜያዊ መሆኑ ጥበቃውን እንደማያሳጣው ተናገረ።

ያለ ፈቃድ ለተሣለስ? እዚህ ላይ ሕጉ ገና ግልጽ አይደለም። በ2018 ኤች ኤንድ ኤም በተባለው የልብስ ኩባንያ ማስታወቂያ ጀርባ ሬቮክ የተባለ ሠዓሊ ያለ ፈቃድ የሠራው ሥዕል ታይቶ ነበር፤ ሠዓሊው ሲቃወም ኩባንያው ለሕገ ወጥ ሥዕል መብት የለም ብሎ ፍርድ ቤት ሄደ። ቁጣው ሲበረታ ክሱን ስላነሣ ጥያቄው ሳይፈረድበት ቀረ። ማንነትን መደበቅም ዋጋ ያስከፍላል፦ በ2020 የአውሮፓ ኅብረት የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት ባንክሲ የሣለውን አበባ ወርዋሪ ሰው ምስል የንግድ ምልክትነት ከባንክሲ ወገን ነጥቋል፤ ከጠቀሳቸው ነጥቦች አንዱ ስሙን የሸሸገ ሰው የሥራው ባለቤት መሆኑን ማረጋገጥ መቸገሩ ነው።

«የሠዓሊው ሕልም ሥራው ተነቅሎ ሙዚየም እንዲገባ ነው»

ለአንዳንዱ ይሆናል። ጣሊያናዊው ብሉ ግን በመጋቢት 2016 ቦሎኛ ውስጥ ከግድግዳ የተነቀሉ ሥዕሎች በክፍያ በሚታዩበት ዐውደ ርእይ የእርሱም ሥራ መካተቱን ሲሰማ፣ ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሆኖ በሃያ ዓመት ውስጥ በከተማዋ የሣላቸውን ግራጫ ቀለም ቀባባቸው። ሥዕሉ የተሠራው በዚያ መንገድ ለሚያልፈው ነው፤ ከዚያ ሲወጣ የታሰበለትን ሰው ያጣል። እኔ በዚህ ከብሉ ጋር ነኝ፤ እልኸኛ የሚሉት ይበሉት።

ገንዘቡም ወደ ሠዓሊው አይሄድም። በ2012 ሰሜን ለንደን ውስጥ አንድ ሱቅ ግድግዳ ላይ በስፌት መኪና የብሪታንያ ባንዲራዎችን የሚሰፋ ሕፃን ምስል ታየ፤ የባንክሲ ነበር። በየካቲት 2013 ግድግዳው ተቆርጦ ተወሰደና ማያሚ ለጨረታ ቀረበ። ነዋሪዎች ስለጮሁ ጨረታው ቢሰረዝም በዚያው ዓመት ሰኔ ለንደን ውስጥ ከ750 ሺህ ፓውንድ በላይ እንደተሸጠ ተዘገበ። ለባንክሲ ሥራዎች ማረጋገጫ የሚሰጠው የራሱ ቢሮ ከጎዳና ለተነቀሉት ወረቀት አይሰጥም፤ ገዢው የያዘው ምስክር የሌለው የግድግዳ ቁራጭ ነው።