የምርኮኛ ገንዘብ ፎርጅድ አይደለም

«የካምፕ ገንዘብ ማለት ፎርጅድ ማለት ነው» ሲባል መስማት ሰልችቶኛል። የቆዩ የገንዘብ ኖቶች እሰበስባለሁ፣ ለሰውም እመረምራለሁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ለጦር ምርኮኞች ያተመችውን ወረቀት ያየ ሁሉ አፉ ላይ የሚመጣው ይኸው ነው።

ያተመው ራሱ የጀርመን ጦር ነው፤ ከ1 ፕፌኒግ (የማርክ መቶኛ) እስከ 10 ራይሽማርክ (የዘመኑ የጀርመን ማርክ)። ምርኮኛው የሠራበት የሚከፈለው በዚህ ወረቀት ነበር፣ የሚገዛበትም ለምርኮኞች በተፈቀዱ ሱቆች ብቻ። ለምን ቢሉ፣ መደበኛ ማርክ ኪሱ ውስጥ ያለው ምርኮኛ አጥሩን ከዘለለ በኋላ የባቡር ትኬት ይቆርጣል፤ ሳይዘልም ለጠባቂው ጉቦ ይሰጣል። የካምፑ ወረቀት ግን ውጭ ዳቦ እንኳ አይገዛም፤ እንዲህ እንዲሆን ታስቦ ነው የታተመው። ኖቱም ራሱ ይናገራል፦ ለጦር ምርኮኞች ብቻ እንደሚያገለግል፣ ወደ መደበኛ ገንዘብ የሚቀየረው በካምፑ ገንዘብ ቤት ብቻ እንደሆነ፣ አስመስሎ የሠራም እንደሚቀጣ በጀርመንኛ ተጽፎበታል። ሰው እንዴት ይህን ሳያነብ ይፈርዳል?

አንድ ወጣት አውሮፓ ካለ ዘመዱ የደረሰውን የ5 ማርክ ኖት «ፎርጅድ ነው» ስላሉት በማኪያቶ ዋጋ ሊሰጠው ነበር። ደግነቱ ቀድሞ አሳየኝ። ችግሩ ግን ላሚኔት አስደርጎታል! እባካችሁ፣ አሮጌ ወረቀት ላሚኔት አይደረግም፣ አይታጠብም፣ በካውያ አይተኮስም፣ የተቀደደውም በፕላስተር አይለጠፍም። የተጠራጠረ ሰው ዩቪ መብራት ያብራበት፤ በሰማያዊ ንጣት ቦግ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ከጦርነቱ በኋላ የተመረተ ወረቀት ነው።

እውነተኛው የጦርነት ፎርጅድ ሌላ ነው። ናዚዎች በዛክሰንሃውዘን ማጎሪያ ካምፕ 140 ያህል አይሁዳውያን እስረኞችን አስገድደው የእንግሊዝ ፓውንድ አሠርተዋል። እነዚህ የጦር ምርኮኞች አልነበሩም፤ ከሞት ጋር ተፋጠው ነው የሠሩት። «ፎርጅድ ሠሪዎች» ብሎ እንደ ወንጀለኛ ማውራት ነውር ነው።

«በዚያ ፓውንድ የእንግሊዝን ኢኮኖሚ አንኮታኮቱ» የሚባለውም ልክ አይደለም። መጀመሪያ የታሰበው ከአውሮፕላን ለመበተን ነበር፤ አልተበተነም። ይልቁንስ የስለላ ሥራ ማስኬጃ ሆነ። አንካራ ላይ ከእንግሊዝ አምባሳደር ቤት ምስጢር ያወጣላቸው የነበረው «ሲሴሮ» የተባለ ሰላይ ከተከፈለው አብዛኛው ፎርጅድ ነበር። ቢሆንም ጉዳት አላደረሰም ማለት አይደለም፦ የእንግሊዝ ባንክ ከ5 ፓውንድ በላይ ያሉትን ኖቶች ሁሉ ከገበያ ለማውጣት ተገድዷል። ከተረፈው ከፊሉ ኦስትሪያ ውስጥ ቶፕሊትዝ ሐይቅ ተጥሎ በ1959 እ.ኤ.አ. ተገኘ።

ወደ ጦር ምርኮኞቹ ካምፕ ልመለስ፤ እዚያ ሲጋራም እንደ ገንዘብ ያገለግል ነበር። «ካምፕ ውስጥ ሲጋራ ገንዘብ የሆነው ምርኮኞቹ ሱሰኛ ስለነበሩ ነው» ለሚሉ፦ የማያጨሰውም ይቀበለው ነበር። በቀይ መስቀል በኩል ለሁሉም ይታደላል፣ ይቆጠራል፣ ቶሎ አይበላሽም። ጥሩው ይጨሳል፣ መናኛው ይገበያዩበታል። ማጭበርበሩም አልቀረም፤ ሲጋራውን በጣቶቻቸው መካከል እያሹ ትምባሆውን የሚያራግፉ ነበሩ።

የኛው ማርትሬዛም (የማሪያ ቴሬዛ የብር ሳንቲም) ከዚህ ስም አልተረፈም። «ጣሊያን ሮም ላይ ያስመታው ፎርጅድ ነው» ይላሉ። ጣሊያን ማተሚያ ቅርጹን በ1935 እ.ኤ.አ. ከኦስትሪያ በስምምነት ወስዳለች። ያለ ኦስትሪያ ፈቃድ በ1936 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ መምታት የጀመረችው እንግሊዝ ናት። በሁለቱም ውስጥ ያለው የብር ማዕድን መጠን ያው ነው፣ ዓመቱም ሁሉም ላይ 1780 ነው።