የዱዋንዉ በዓል፦ አመጣጡና ሥርዓቶቹ

ዱዋንዉ በቻይና የጨረቃ አቆጣጠር በአምስተኛው ወር አምስተኛ ቀን የሚከበር ጥንታዊ በዓል ሲሆን፣ በውጭው ዓለም የዘንዶ ጀልባ በዓል በሚለው ስሙ ይበልጥ ይታወቃል። ቀኑ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር በእኛ አቆጣጠር ከግንቦት 20ዎቹ እስከ ሰኔ አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል።

ወሩ ሙቀትና እርጥበት የሚያይልበት፣ በሽታና ተናዳፊ ፍጥረት የሚበዛበት በመሆኑ ጥንታውያኑ «ክፉ ወር» ይሉት ነበር። ሲማ ቺየን የተባለው የታሪክ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ የቺ መንግሥት መስፍን የሆነው ሜንግቻንግ ጁን በዚሁ ቀን በመወለዱ አባቱ ሕፃኑን እንዳታሳድገው እናቱን ቢያዝም እርሷ በስውር አሳድጋዋለች። የእባብ፣ የጊንጥ፣ የመቶ እግር፣ የእንሽላሊትና የጉርጥ መርዝ እንዳይደርስ የእኛው ጭቁኝ ዘመድ የሆነ መዓዛማ ቅጠል በደጃፍ ይሰቀላል፤ ለልጆችም ባለ አምስት ቀለም ክር በእጅ ይታሰራል። ቀይ ማዕድን የተበጠበጠበት አረቄ መጠጣትም የቆየ ልማድ ነበር፤ ይሁንና ማዕድኑ አርሰኒክ ስላለበት ዛሬ አይመከርም።

በዓሉን ከሁሉም በላይ ያስከበረው ግን ባለቅኔው ቹ ዩዋን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ይህ ሰው በቹ መንግሥት ከፍተኛ ሹም ነበር። ኃያሉን የቺንን መንግሥት አትመኑ ብሎ ቢመክርም፣ ምቀኞቹ በሐሜት ከንጉሥ ኋይ አጣሉት፤ ንጉሡም ወደ ቺን ሄዶ በዚያው ታግቶ ሞተ። ተተኪው ንጉሥ ባለቅኔውን በግዞት ወደ ደቡብ ሰደደው። በ278 ቅ.ል.ክ. የቺን የጦር አለቃ ባይ ቺ የቹን መናገሻ ዪንግን ያዘ፤ ቹ ዩዋንም በዛሬው ሁናን ግዛት በሚገኘው ሚሉዎ ወንዝ ድንጋይ አቅፎ ራሱን ጣለ። ሕዝቡ በጀልባ ሊያድነው ተሯሯጠ፣ ዓሦች አስከሬኑን እንዳይነኩም ሩዝ ወደ ውኃው ወረወረ ይባላል። እርግጥ ሲማ ቺየን ሞቱን ሲጽፍ ቀኑንም ሆነ ሩዙን አያነሣም፤ ከበዓሉ ጋር የሚያያይዙት ጽሑፎች ከእርሱ ብዙ ዘመን በኋላ የመጡ ናቸው።

በስድስተኛው መቶ ዓመት ዞንግ ሊን የቹ አካባቢ ልማዶችን ሲመዘግብ የጀልባ እሽቅድምድሙ ለቹ ዩዋን እንደሚደረግ ጠቅሶ፣ በምሥራቅ ግን የጥንቱ የዉ መንግሥት ሹም ለነበረው ለዉ ዚሹ ነው እንደሚባል ይጨምራል። በምሥራቅ ቻይና ባለችው በሱዦው ከተማ ዛሬም የሚታሰበው ዉ ዚሹ ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት ዌን ዪዱዎ የተባለው ባለቅኔና ምሁር በዓሉ ዘንዶን ያመልኩ ከነበሩ የደቡብ ሕዝቦች ሳይወረስ አልቀረም የሚል ሐሳብ አቅርቧል፤ ይህ ምናልባት እውነትነት ሊኖረው ይችላል።

የዕለቱ ምግብ ዞንግዚ ነው፤ ተጣባቂ ሩዝ በቀርከሃ ወይም በሸምበቆ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ በክር ታስሮ ይቀቀላል። ሰሜኖቹ የቻይና ቴምር የሚባለውን ፍሬ ወይም የጣፈጠ ቀይ አደንጓሬ ሲከቱበት፣ ደቡቦቹ የአሳማ ሥጋና በጨው የቆየ የእንቁላል አስኳል ይመርጣሉ፤ የትኛው ይሻላል የሚለው ክርክርም በየዓመቱ ይነሣል። የዘንዶ ራስና ጅራት የሚገጠምላት መደበኛዋ የውድድር ጀልባ 20 ቀዛፊዎች፣ አንድ ከበሮ መቺና አንድ መሪ ትይዛለች፤ ቀዛፊዎቹም በከበሮው ምት አንድ ላይ ይቀዝፋሉ።

እ.ኤ.አ. በ2005 ዩኔስኮ የደቡብ ኮሪያን የጋንግኔውንግ ዳኖ በዓል ሲመዘግብ «በዓላችን ተወሰደ» የሚል ቅሬታ በቻይና ተሰምቶ ነበር። የኮሪያው በዓል ቀኑን ከቻይና ይጋራ እንጂ የተራራ አምላክ ሥርዓትና የጭምብል ጭፈራ ያለው ስለሆነ ቅሬታው የተጋነነ ነበር ማለት ይቻላል። ቻይና በ2008 ዱዋንዉን የሥራ መዝጊያ ቀን አደረገች፤ በ2009 ደግሞ ዩኔስኮ በዓሉን በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።