የዳሌ አጥንት ተሰብሮ ብረት ከገባ በኋላ መቼ ይረገጣል?

ከደሴ ኮምቦልቻ በሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ የመኪና አደጋ ደርሶበትም ይሁን ከባጃጅ ወድቆ፣ ዳሌው ተሰብሮ ኦፕራሲዮን የተደረገ ሰው ቤቱ ሲገባ ጠያቂ ይበዛለታል። ሁሉም በፍቅር ይመክራል። ከምክሩ መካከል ግን ሰው የሚጎዳ አለ።

«ብረት ከገባለት ምን ቀረው? ይርገጥ!»

ብረቱና ብሎኑ የተሰበረውን አጥንት በቦታው ይዘው ያቆያሉ እንጂ አጥንቱን አይተኩም። አጥንቱ ሳይገጥም ሙሉ ክብደት በየቀኑ ካረፈበት ብሎኑ ሊላላ ይችላል፤ ብረቱም ውሎ አድሮ ሊሰበር ይችላል። ያኔ ሌላ ኦፕራሲዮን ሊመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

«የጎረቤታችን ልጅ በወሩ ሄዷል»

የእሱ ስብራት ሌላ ሊሆን ይችላል። ዳሌ እንደ ቀለበት የተያያዘ አጥንት ነው። ቀለበቱ ሳይላላ የተሰነጠቀ ሰው ብዙ ጊዜ ኦፕራሲዮንም አያስፈልገውም፤ ሕመሙ እስከፈቀደለት ድረስ በቀናት ውስጥ በክራንች ይረግጣል። ቀለበቱ ተከፍቶ ብረት የገባለት ሰው ግን በተጎዳው ጎን ሙሉ ክብደቱን ሳይጥል አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል። የጭን አጥንት ራስ የሚገባበት ጉድጓድ ተሰብሮ ከሆነም ከ8 እስከ 12 ሳምንት የተለመደ ነው። በሁለቱም ጎን የተጎዳ ደግሞ ከአልጋ ወደ ዊልቸር በመሸጋገር ይጀምራል። ቀደም ብለው የሚያስረግጡ ሐኪሞችም አሉ። ስለዚህ ቀኑን መጠየቅ ያለብን ስብራቱን ያየውንና የጠገነውን ሐኪም ነው።

«ካላመመኝ ድኛለሁ»

ሕመም ከአጥንቱ ቀድሞ ይቀንሳል። በዚያ ላይ ማስታገሻ አለ። መግጠሙን የሚያሳየው ራጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ በ6ኛውና በ12ኛው ሳምንት አካባቢ ይነሳል። «ደህና ነኝ» ብሎ ቀጠሮ መቅረት አያዋጣም።

«እስኪድን ከአልጋ አይነሳ»

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። አትርገጥ ማለት ተኛ ማለት አይደለም! ዳሌው የተሰበረ ሰው እግሩ ላይ ደም የመርጋት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል። ስለዚህ የታዘዘው የደም ማቅጠኛ አይቋረጥ። ቁርጭምጭሚቱን ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀሳቅስ። ሐኪሙ እንደፈቀደም ይቀመጥ፣ በክራንች ይቁም። ባቱ ካበጠ፣ ትንፋሹ ድንገት ካጠረ ወይም ደረቱን ከወጋው በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት፤ ሌሊትም ቢሆን።

«በጣት ጫፍ ርገጥ ብለውኛል»

ብዙ ሰው ይሄን ሲሰማ ተረከዙን አንስቶ ይሄዳል። የተባለው ግን ሌላ ነው። እግሩ መሬት የሚነካው ሚዛን ለመጠበቅ ብቻ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከሙት ክራንቾቹና ደህናው እግር ናቸው። የተፈቀደው 20 ኪሎ ከሆነ፣ የሰው ሚዛን ላይ እግርን አሳርፎ ስንት እንደሚጫን መለማመድ ይቻላል። ደሴ ዳገት ናት፤ ደረጃም አይጠፋም። ሲወጡ ደህናው እግር ይቅደም፤ ሲወርዱ ክራንቹና የተጎዳው እግር።

«ወጌሻ ቢያሸው ይጠነክራል»

በፍጹም። እሽቱ ገና ያልገጠመውን አጥንት ሊያንቀሳቅስ፣ የረጋ ደምም ካለ ሊያነቅል ይችላል። የአጥንት ሾርባውና ገንፎው ግን ይቅረብለት፤ ሰውነት ይጠግናል፣ ቀኑን ባያሳጥርም። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ያቁም፤ የአጥንቱን መግጠም ያዘገያል።

«እየረገጥኩ እስካልሄድኩ ድረስ ሌላው ችግር የለውም»

ዝቅ ያለ በርጩማ፣ ሱጁድ፣ ስግደት፣ ቁጢጥ የሚሉበት ሽንት ቤት፤ እነዚህ ሁሉ ዳሌን አብዝተው ያጥፋሉ፤ ሲነሱም ክብደት እግር ላይ ያርፋል። ሶላቱን ወንበር ላይ ተቀምጦ ይስገድ፤ ቤተ ክርስቲያንም ተቀምጦ ያስቀድስ። ለሽንት ቤቱ ደግሞ ሰፈር ያለ አናጢ መሃሉ የተቀደደ ጠንካራ ወንበር ይሠራል። በሽተኛው ከሆስፒታል ሳይወጣ ቢዘጋጅ ጥሩ ነው።